መሳቢያ ውስጥ የከረመ ፕሮግራም ይታደስ ወይስ ይተው?

ጎንደር ላይ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ወሬ ለተመላሾች ነው። ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት በቪዡዋል ቤዚክ፣ በዴልፋይ ወይም በፎክስፕሮ ፕሮግራም ትጽፉ ለነበራችሁ፣ ከዚያ ወደ ማስተማር፣ ወደ ንግድ ወይም ወደ ቢሮ ሥራ ለገባችሁ፣ አሁን ደግሞ ስልክ ለተደወለላችሁ። ደዋዩ አዘዞ ያለ የእህል ጅምላ ነጋዴ፣ ፒያሳ ያለ መድኃኒት ቤት ወይም ማራኪ አካባቢ ያለ የግል ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። የሚለው ግን አንድ ነው፦ «ያ የሠራህልን ነገር አዲሱ ኮምፒውተር ላይ እምቢ አለ።»

ያን ጊዜ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «መሣሪያው አርጅቷል፣ አዲሱን ላውርድ» የሚል ነው። እኛ ደግሞ ዕድሜ ብቻውን ምክንያት አይሆንም እንላለን። ቪዡዋል ቤዚክ 6 የወጣው በ1998 ነው (የሶፍትዌር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራቸዋለን)፤ ማይክሮሶፍት ለመጻፊያው የሚሰጠውን ድጋፍ በ2008 አቁሟል። ነገር ግን በእሱ የተሠራውን ፕሮግራም የሚያስኬደው ሞተር ዛሬም ዊንዶውስ 11 ላይ ድጋፍ አለው። በአንጻሩ በ2015 በፓይተን 2 የተጻፈ፣ በዕድሜ ልጅ የሆነ ፕሮግራም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ባለቤት የለውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ፕሮግራሙ ምን ላይ እንደተደገፈ ነው፦ በምን ፊደል ይጽፋል፣ ዳታው የት ተቀምጧል፣ ከውጭ ማንን ያነጋግራል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ፈተና አለ። የድሮውን ኮድ አንድ ፊደል ሳትነኩ፣ በድሮው መሣሪያ እንደገና ኮምፓይል አድርጋችሁ (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፋይል ቀይራችሁ) የሚሠራ ፕሮግራም ማውጣት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ የእድሳት ወሬው ባዶ ነው፤ ምን እንደምታድሱ ገና አታውቁም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከሌላ ሰው የተወሰደ ኮምፖነንት (ተሠርቶ ያለቀ የፕሮግራም ክፍል) ነው፤ ሰንጠረዥ የሚያሳየው ወይም ሪፖርት የሚያትመው ኦሲኤክስ ፋይል ይቀርና ፎርሙ አልከፈት ይላል። ሌላው ጉድለት የባሰ ነው። የመጨረሻው ማስተካከያ ደንበኛው ቤት፣ ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ተሠርቶ ኮዱን ወዳስቀመጣችሁበት ፍላሽ ሳይመለስ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ደንበኛው የሚጠቀምበትን ኤግዚ ፋይል (ኮምፓይል ተደርጎ የወጣውን ፕሮግራም) ቀንና የኮዱን ፋይሎች ቀን አስተያዩ። ኤግዚው ከኮዱ በወራት የሚያንስ፣ ማለትም በኋላ የተሠራ ከሆነ እጃችሁ ላይ ያለው ኮድ የዚያ ፕሮግራም ኮድ አይደለም።

ፈተናው የሚሠራው በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተራችሁ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም ነው። ቨርቹዋልቦክስ ጫኑ፤ ለዊንዶውስ ኤክስፒ 1 ጊጋባይት ሚሞሪና 20 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃል፤ የኔትወርክ ካርዱን ከሴቲንጉ አጥፉት። ቪዡዋል ቤዚክ 6 ከገባ በኋላ የማስተካከያ ጥቅሉ ሰርቪስ ፓክ 6 ይከተላል። ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ውስጥ አስገቡት፤ እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። ጊት የመስመር መጨረሻ ምልክቶችን ወደ ሊኑክስ ዓይነት ሊቀይር ይችላል፤ ቪዡዋል ቤዚክ 6 ደግሞ የዊንዶውሱን ካላገኘ የፎርም ፋይሉን ፎርም ብሎ አያውቀውም። «እነዚህን ፋይሎች አትቀይር» የሚለውን መመሪያ በጊት አትሪቢዩትስ ፋይል ከመጀመሪያው ጻፉ።

ዳታውን ስትገለብጡም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ዳታቤዙን ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ተራ ተጠቃሚ እዚያ ፎልደር ውስጥ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። ዊንዶውስ ግን የድሮ ፕሮግራም እንዳይወድቅ ብሎ ጽሑፉን በስውር ወደ ሌላ ቦታ ያዞረዋል፤ ቦታው በተጠቃሚው አፕዳታ ሥር ያለው ቨርቹዋል ስቶር የሚባል ፎልደር ነው። ውጤቱን ገምቱ። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለው ኤምዲቢ (የአክሰስ ዳታቤዝ) ፋይል ከተጫነበት ቀን ጀምሮ አልተነካም፤ እውነተኛው የስድስት ዓመት ሽያጭ ስውሩ ፎልደር ውስጥ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ካሸሮች በየራሳቸው ስም የሚገቡ ከሆነ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ዳታቤዞች አሉ ማለት ነው። ስለዚህ ፎልደሩን ብቻ ገልብጦ መምጣት አይበቃም። ዲስኩን ሙሉ ገልብጡ፤ የተደበቁ ፎልደሮችን አስከፍታችሁ ኤምዲቢ ፋይሎችን በሙሉ ፈልጉ፤ በቀንና በመጠን ደርድሯቸው። ፎርማት የሚደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው። አንዳንዱ ፕሮግራም ባለበት መተው አለበት፤ ይህን ስንል ስንፍና አይደለም። አንድ ሰው ብቻ የሚጠቀምበት፣ ኢንተርኔት የማይነካ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ የመጋዘን መቆጣጠሪያ ከነኤክስፒው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ቢገባ ለዓመታት ይኖራል። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ኮምፒውተር አይከብደውም። በዶስ ዘመን በክሊፐር ወይም በቱርቦ ፓስካል የተሠራ ከሆነ ሌላ ምርጫም የለም፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራም አይከፍትም፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት ዕትም የለውም። ለእነዚህ የዶስ ማሽንን የሚያስመስለው ዶስቦክስ አለ። የቱርቦ ፓስካል ፕሮግራም ገና ሲከፈት «ስሕተት 200» ብሎ ከወደቀ ፋይሉ አልተበላሸም። ሲአርቲ የሚባለው ክፍል ሲነሣ የማሽኑን ፍጥነት ይለካል፤ 200 ሜጋኸርዝ ገደማና ከዚያ በላይ በሆነ ፕሮሰሰር ላይ የማካፈሉ ውጤት ከተሰጠው ቦታ ይተርፋል። ዶስቦክስ ላይ ሳይክሉን (የሚያስመስለውን ፍጥነት) ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል።

እንዲህ ባለ ትቶ ማኖር ውስጥ ራስ ምታቱ ፕሪንተሩ ነው። የድሮ ፕሮግራም ደረሰኙን ወደ ኤልፒቲ 1፣ ወደ ድሮው የፕሪንተር መሰኪያ ይልካል፤ አዲሱ ኮምፒውተር ያ መሰኪያ የለውም። የዩኤስቢ ፕሪንተሩን ሼር አድርጎ በኔት ዩዝ ትእዛዝ ኤልፒቲ 1 ብሎ መሰየም ይቻላል፤ የሚሠራው ግን ፕሪንተሩ ጥሬ ጽሑፍ የሚገባው ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ርካሽ ሌዘርና ኢንክጄት ፕሪንተሮች አይገባቸውም፤ ዶት ማትሪክስና የደረሰኝ ፕሪንተሮች ይገባቸዋል። አዲስ ፕሪንተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ስለ መብራትም አንድ ነገር። ኤምዲቢ ዳታቤዝ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ግማሽ ተጽፎ ሊቀር ይችላል፤ ራሱን የሚያነሣበት መዝገብ የለውም። ኤስኪውላይትና ፖስትግሬስ የሚባሉት ዳታቤዞች ለውጡን አስቀድመው በተለየ ፋይል ስለሚመዘግቡ ከመቋረጥ በኋላ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ብቻውን ዳታውን ለማዛወር በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ዩፒኤስ ይገዛ፤ ቨርቹዋል ማሽኑም በየሳምንቱ ተዘግቶ ሙሉ ፋይሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ። ስናፕሾት (ቨርቹዋል ማሽኑ እዚያው ዲስክ ላይ የሚይዘው የሁኔታ ቅጂ) ባክአፕ አይደለም፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ከሁሉ በላይ ውሳኔውን የሚቆርጠው ግን ፊደሉ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999፣ በዕትም 3.0 ነው። ቪዡዋል ቤዚክ 6 በሆዱ ጽሑፍን የሚይዘው በዩኒኮድ ነው፤ የጽሑፍ ሳጥኖቹ ግን የተሠሩት ለዊንዶውስ የድሮ ኮድ ፔጆች (ለጥቂት ቋንቋዎች ብቻ ለተሠሩ የፊደል ሰንጠረዦች) ነው። ፊደላችን የሚጠፋው ደጃፉ ላይ ነው ማለት ነው። ዴልፋይ 7 ደግሞ ጽሑፉንም ሳጥኑንም ለባይት፣ ማለትም ለእነዚያው ኮድ ፔጆች ነው የሠራው። ዐረብኛና ሩስኛ ዊንዶውስ ላይ የራሳቸው ኮድ ፔጅ ስላላቸው ሴቲንግ ቀይረው ያመልጣሉ። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ኮድ ፔጅ የለም። ሳጥኑ ውስጥ «ገብረ ሥላሴ» ብላችሁ ስትለጥፉ የጥያቄ ምልክት ቢደረደር ሪጅናል ሴቲንግ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትፈልጉ መፍትሔ አታገኙም። ስለዚህ ደንበኛው በእውነተኛ አማርኛ መጻፍ፣ መፈለግና በስልክ መልእክት መላክ ከፈለገ ማደስ ግድ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለንም።

የድሮው ሰው ችግሩን ያለፈው በፎንት ነበር። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ዘመን የፊደሉ ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ይቀመጥ ነበር። የአንድ ባይት ቦታ 256 ነው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ራሳቸው 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፈለው፤ አንዳንዱ የፊደሉን አካልና ቅጥሉን ለየብቻ አስጻፈ። ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው እንግዲህ አማርኛ አይደለም፤ የላቲን ኮድ ነው። ፎንቱ የሌለበት አዲስ ማሽን ላይ ስም ሁሉ የእንግሊዝኛ ትርኪ ምርኪ ይመስላል፤ ደንበኛውም «ዳታዬ ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም።

ይህን ወደ ዩኒኮድ ለመመለስ ሙሉ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ፣ ዲቃሎቹንም ጨምሮ በድሮው ፎንት በተርታ ጻፉና እያንዳንዱ ስንትና የትኛው ባይት እንደሆነ አውጡ፤ የመቀየሪያ ሰንጠረዣችሁ ያ ነው። ሲቀየር ሁለት ባይት የሚወስዱት ይቅደሙ፤ ካልሆነ አካሉ ብቻውን ግእዝ ሆኖ ተቀይሮ ቅጥሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ዓምድ አማርኛ፣ የትኛው እንግሊዝኛ እንደሆነ ነው። ፎንቱ የተጻፈው ዳታው ላይ ሳይሆን ሳጥኑ ላይ ስለሆነ መልሱ ያለው የፎርም ፋይሉ ውስጥ ነው፤ የእያንዳንዱን ሳጥን ፎንት ስም እዚያ አንብቡ። የመድኃኒት ስምና የአማርኛ ማስታወሻ አንድ ዓምድ ውስጥ ከተቀላቀሉ ፕሮግራም አይለያቸውም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት አለበት። ሲጠናቀቅ የተቀየረውን መልሳችሁ ወደ ድሮው ኮድ ቀይሩና ከመጀመሪያው ጋር ባይት በባይት አስተያዩ። እኩል ካልሆነ የሆነ ፊደል ጠፍቷል።

ዩኒኮድ ከሆነ በኋላም አላለቀም። አማርኛ በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ በባይት በሚጻፍበት ዘዴ) አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው። በባይት 20 ተብሎ የተለካ የስም ቦታ ስድስት ፊደል ብቻ ይይዛል፤ «ተክለሃይማኖት» ስምንት ፊደል ነው፣ «ተክለሃይማ» ላይ ይቆረጣል፣ ሰባተኛውም ፊደል ግማሽ ይሆናል። በድሮ ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል የተሠሩ ዌብሳይቶች ላይ ይህ ሞልቷል። እነሱ ላይ ሌላም አለ፦ ዳታቤዙ ራሱን ላቲን 1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ኮድ) ነኝ ሲል የዩቲኤፍ 8 ባይቶች ይገቡበታል። አሮጌው ዌብሳይት በዚያው በተሳሳተ መንገድ ስለሚያነበው አማርኛው ደኅና ይታያል። አዲሱ በትክክል ሲያነበው «ሰ» ሦስት የላቲን ምልክት ይሆናል። መድኃኒቱ ዳታውን ላቲን 1 ነው ብሎ ሳይተረጉም ማውጣት፣ ከዚያ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ 8) ነው ብሎ ማስገባት ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጊዜ ኤክሴል ውስጥ ከፍቶ ሴቭ ያደረገ ሰው ካለ በ09 የሚጀምሩት ስልኮች ዜሮአቸውን ያጣሉ። ኤክሴልን ከመንገዱ አርቁት።

ፍለጋውም ይታሰብበት። «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበና «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ካሸር አይገናኙም። የተጻፈውን አትንኩ፤ ስሙ የባለቤቱ ነው። ከጎኑ ሌላ ዓምድ ጨምሩና ሐን፣ ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሙሉ ዘራቸው ሰብስባችሁ ፍለጋውን በዚያ አድርጉ።

ከፊደል ቀጥሎ የሚያስቸግረው ቀን ነው። በድሮው ፕሮግራም ብዙ ሰው የእኛን ቀን በፈረንጅ የቀን ዓምድ ውስጥ እንዳለ ይጽፍ ነበር። ጥቅምት 30 ማለት 30/2 ነው፤ ፕሮግራሙ ፌብሯሪ 30 ብሎ አንብቦ አይቀበልም፤ ካሸሩ ምን አደረገ? 28 ብሎ ጽፎ አለፈ። ጳጉሜ የባሰ ነው። ቪዡዋል ቤዚክ 5/13/2009 ሲሰጠው 13ኛ ወር እንደሌለ አይቶ ዝም ብሎ ቀኑንና ወሩን ያገላብጣል፤ ጳጉሜ 5 ጥር 13 ይሆናል። ስሕተት የሚል ጽሑፍ አይወጣም። ጳጉሜ 1 መስከረም 13፣ ጳጉሜ 2 ጥቅምት 13 እያለ እስከ የካቲት 13 ይሄዳል። ስለዚህ ዳታ ስታዛውሩ የስድስቱን ወሮች 13ኛ ቀን ለይታችሁ አውጡና የደረሰኝ ቁጥራቸውን ተመልከቱ፤ በነሐሴ 30 እና በመስከረም 1 ደረሰኞች መካከል የወደቀ ቁጥር ካለ የጳጉሜ ነው። በአዲሱ ፕሮግራም ቀኑ በፈረንጅ ተቀምጦ ሲታይ ብቻ ወደ እኛ ይቀየር። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ 2011 እና 2015 እንደዚያ ነበሩ።

ኢንተርኔትን በተመለከተ ባጭሩ፦ ፕሮግራሙ ባንክን፣ የሞባይል ክፍያን ወይም የመልእክት አገልግሎትን ማነጋገር ካለበት አድሱ። የዛሬ ሰርቨሮች ግንኙነትን የሚያመሰጥረውን ቲኤልኤስ 1.2 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ ኤክስፒም ሆነ የዚያ ዘመን ላይብረሪዎች አይችሉትም፤ ግንኙነቱ ገና ሰላምታው ላይ ይቋረጣል።

ወደ ምን እንደሚታደስ ደግሞ እንደየመሣሪያው ነው። ከዴልፋይ የመጣ ሰው ዕድለኛ ነው፤ የዴልፋይ አምሳያ የሆነው ላዛረስ ነጻ ነው፣ የዴልፋይን ፕሮጀክት የሚቀይር ምናሌ አለው፣ ጽሑፉም ዩቲኤፍ 8 ነው። የሚያስቸግሩት የቦርላንድ የዳታቤዝ ሞተርና የሪፖርት ኮምፖነንቶቹ ናቸው፤ እነሱ በአዲስ ይተካሉ። ፎክስፕሮ ላይ ዳታው ቀላል ነው፣ ዲቢኤፍ የሚባለውን የዳታ ፋይሉን ብዙ መሣሪያ ያነበዋል። ግን ሁለት ነገር አትርሱ። ረጅም ማስታወሻዎች በሌላ ፋይል፣ በኤፍፒቲ ውስጥ ስለሚቀመጡ አብረው ይምጡ። የተሰረዘ መዝገብ ደግሞ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ፓክ (የተሰረዘውን የሚያስወግድ ትእዛዝ) እስኪባል ድረስ ከፋይሉ አይወጣም፤ ምልክቱን የማያነብ መሣሪያ ካስገባችሁት የተሰረዘው ደንበኛ ሁሉ ከነዕዳው ይነሣል።

ቪዡዋል ቤዚክ 6 ወደ ተተኪው ቪቢ ዶትኔት የሚሄድ ቀጥ ያለ መንገድ የለውም። መቀየሪያው ከቪዡዋል ስቱዲዮ 2010 ጀምሮ ተወግዷል፤ ከቁጥር ዓይነቶቹ ኢንቲጀር ከ16 ወደ 32 ቢት፣ ሎንግ ከ32 ወደ 64 ተለውጧል፣ ማንኛውንም ዳታ የሚይዘው ቫሪያንት የለም። በእኛ ግምት ፎርሞቹን እንደገና መሣል የተቀየረ ኮድ ከመጠገን ይቀላል። ዳታው የአክሰስ 97 ከሆነ አክሰስ 2013 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት አይከፍቱትም፤ በ2003 ወይም በ2010 በኩል ማሳለፍ ያስፈልጋል። ፓይተን 2 ላይ ደግሞ የሚያስፈራው የሚጮኸው ስሕተት አይደለም፤ ጽሑፍ የሚያሳየው ትእዛዝ፣ ፕሪንት፣ ሲበላሽ ወዲያው ይታያል። ዝም የሚለውን ፍሩ። የተማሪ ድምር 437 ለ5 ሲካፈል በፓይተን 2 መልሱ 87 ነበር፣ በፓይተን 3 ግን 87.4 ነው። 2.5 ሲጠጋጋ በቀድሞው 3፣ በአዲሱ 2 ይሆናል። የሮስተሩ ደረጃ ይለወጣል፤ ወላጅ ይመጣል።

የደመወዝ ፕሮግራም ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ግን ቆም በሉ። ከግብር ነጻ የሆነው ወርሃዊ ገቢ 150 ብር ነበር፣ ከዚያ 600፣ ከዚያ 2,000 ሆነ። «ፕሮግራሙ አረጀ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እነዚህ ቁጥሮች ኮዱ ውስጥ ስለተጻፉ ነው። ሰንጠረዥ ውስጥ አውጧቸውና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸኑ አብራችሁ መዝግቡ፤ ምናልባት ሌላ እድሳት አያስፈልግም።

የመቀየሪያው ቀን ይመረጥ። ነጋዴ ከሆነ ሰኔ ውስጥ አትንኩት፤ ሒሳቡ ሰኔ 30 በድሮው ይዘጋና ሐምሌ 1 ቀሪው በአዲሱ ይከፈት። ትምህርት ቤት ከሆነ ከምዝገባ በፊት። ሆቴል ከሆነ ጥምቀት ሲቃረብ ስልካቸውን እንኳ አታንሡ። ከዚያ አንድ ሙሉ ወር ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠሩ፤ ሥራው እጥፍ ስለሚሆን ካሸሮቹ ይማረራሉ፣ ይህን ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩና ክፍያቸው ይታሰብላቸው። በየቀኑ ማታ የሁለቱ ድምር ይተያይ፤ ልዩነቱ ሃምሳ ሳንቲምም ቢሆን ምክንያቱ እስኪገኝ አይታለፍ፤ ማጠጋጋቱ ወይም ቀኑ ነው። ወሩ ሲያልቅ የድሮው ፕሮግራም እንዳይጻፍበት ተደርጎ፣ ለማንበብ ብቻ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ይቀመጥ። የማሽኑ ፓስወርድ በወረቀት ተጽፎ ከባለቤቱ ካዝና ይግባ፤ እናንተ ዘንድ ብቻ አይሁን።